ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ካሬ

ጥር 6 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ከስልክ ስክሪን ቅያሪና ከቻርጀር መሰኪያ ሌላ ሥራ ከመጣልኝ ሰንብቷል። ዛሬ ግን ከሱቄ ጀርባ ጠላ የሚጠምቁት እትዬ በፌስታል የተጠቀለለ ዕቃ ይዘው መጡ። ሲፈታ ነጭ የነበረ፣ አሁን ወደ ቢጫ የዞረ ኪቦርድ ነው። ከላዩ የካሴት መክተቻ፣ ከፊቱ የሁለት ጆይስቲክ መሰኪያ አለው። አብረውት ጆይስቲኮቹ፣ የፕላስቲክ ሽጉጥ፣ አዳፕተርና ሁለት ካሴቶች ነበሩ። አንደኛው ካሴት 999999 ጌም አለኝ ይላል፤ በሁለተኛው ላይ የኮምፒውተር ሥዕል ተለጥፏል።

«ልጄ፣ ይኼን ነገር አስነሳልኝ» አሉ። ልጃቸው አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ በኮምፒውተር ክፍል ይሠራል፤ ለፋሲካ ይመጣል። «መጀመሪያ የተማረው በዚህ ነው። እኔ ጌም ነው ብዬ ስቆጣው እሱ ኮምፒውተር ነው እያለ ይከራከረኝ ነበር።»

ልጁ እውነቱን ነው። አገር ሁሉ ጌም ብሎ ጠርቶት አለፈ እንጂ ይህ ዕቃ ኮምፒውተር ነው። በ1990ዎቹ ከመርካቶ እየተጫኑ ወደየከተማው ከመጡት የቲቪ ጌሞች አብዛኞቹ ጆይስቲክ ብቻ ነበራቸው፤ ማሪዮና ኮንትራ የተጫወትነው በእነዚያ ነው። ኪቦርድ ያለው ግን ዋጋው ከፍ ስለሚል የሚታየው ጥቂት ቤት ነበር። እትዬ ከጠላው እያጠራቀሙ እንደገዙት ዛሬ ነገሩኝ። ዋጋ አልተነጋገርንም፤ ሳልነካው የሚወጣ ዕቃ አይደለም።

ጥር 8፣ ረቡዕ

መብራት የመጣው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሥራውን የጀመርኩት አመሻሽ ላይ ነው። አዳፕተሩ ሞቷል። ውስጡ ያለው ካፓሲተር ደርቆ አብጧል፤ የዚያ ዘመን ርካሽ አዳፕተር ሁሉ የሚሞትበት በሽታ ነው። ካፓሲተሩን ከአሮጌ ሬዲዮ በወጣ ቀየርኩ። የእንደዚህ ያሉት አዳፕተሮች ኔጌቲቭ ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ነው፤ ሌላ 9 ቮልት አዳፕተር አገኘሁ ብሎ ዝም ብሎ የሚሰካ ሰው ኪቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን በወረቀት ጽፌ በገመዱ ላይ አስሬያለሁ።

ብሎኖቹን ፈትቼ ሆዱን ከፈትኩት። 7805 የሚባለው ባለ ሦስት እግር ማስተካከያ 9 ቮልቱን ወደ 5 ያወርዳል፤ እሱ ደህና ነው። ከእሱ ቀጥሎ በቦርዱ መሐል የደረቀ ጥቁር ጠብታ አለ። ቺፑ በጠብታው ስር ነው። ሠሪዎቹ ለቺፑ ሽፋንና እግር ላለማውጣት፣ ራቁቱን ቦርዱ ላይ አስቀምጠው በቀጫጭን ሽቦ አያይዘው ጥቁሩን ማጣበቂያ ያፈሱበታል። ጠጋኝ ከዚያ ወዲያ መሄድ አይችልም፤ ጠብታው ስር ያለው ከሞተ ዕቃው ሞተ። ደግነቱ ይኸኛው አልሞተም። ስሰካው መብራቱ በራ።

ጥር 12፣ እሑድ፣ ቃና ዘገሊላ

ሱቅ ዝግ ነው፤ የሚካኤል ታቦት እስኪገባ ድረስ ይህን ልጻፍ።

የዚህ ኮምፒውተር እናት ጃፓናዊት ናት። ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1983 «ፋሚሊ ኮምፒውተር» የሚል ስም የሰጠውን የጌም መሣሪያ በ14,800 የን ለገበያ አወጣ። በዓመቱ ደግሞ ኪቦርድና «ፋሚሊ ቤዚክ» የሚባል ካሴት ተጨመረለት፤ የጃፓን ልጆች በቤታቸው ቴሌቪዥን ላይ ፕሮግራም መጻፍ ጀመሩ። መሣሪያው እጅግ ስለተወደደ ታይዋን ውስጥ ቺፖቹን የሚቀዱ ፋብሪካዎች ተነሡ፤ ሁለቱ ዋና ቺፖች መጀመሪያ ለየብቻ ተቀዱ፣ በኋላ በአንድ ላይ ተጨፍልቀው እኔ ያየሁት ጥቁር ጠብታ ስር ገቡ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ፕላስቲክ ሣጥን ካለው ፋሚሊ ኮምፒውተር መሥራት ይችላል ማለት ነው።

ኪቦርዱን ከካሴት መክተቻው ጋር በአንድ ሣጥን አድርጎ «የመማሪያ ማሽን» ብሎ በሰፊው የሸጠው በቻይና ጓንግዶንግ፣ ዦንግሻን ከተማ ያለው ሱቦር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የፊልም ተዋናዩ ጃኪ ቻን በቴሌቪዥን አስተዋወቀው። የቻይና ወላጅ ለልጁ እውነተኛ ኮምፒውተር የሚገዛበት አቅም አልነበረውም፤ ይህን ግን መግዛት ቻለ። ፋብሪካውን ይመራ የነበረው ዱዋን ዮንግፒንግ እ.ኤ.አ. በ1995 ለቅቆ ቢቢኬ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ኦፖና ቪቮ የሚባሉት ስልኮች ከዚያ ቤት የወጡ ናቸው። ሱቄ ውስጥ ስክሪናቸውን ለምቀይርላቸው ስልኮች ይህ ቢጫ ኪቦርድ የሥጋ ዘመድ ነው። ይህን ሳውቅ ደስ አለኝ።

የቅጂ ዕቃ ሲባል አፍንጫ የሚነፋ ሰው አለ። እኔ ዕድሜዬን በቅጂ ዕቃ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዋናው ዕቃ እኛ ከተማ ዳንግላ ድረስ አይመጣም። ቅጂው ባይኖር የእትዬ ልጅ ኪቦርድ የሚነካው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነበር።

ጥር 16፣ ሐሙስ

የካሴቱን ጥርስ በላጲስ ጠርጌ በአልኮል አጠብኩ። ድሮ ሁላችንም ካሴት ሲያስቸግር አፋችንን አስጠግተን እፍ እንል ነበር፤ የትንፋሽ እርጥበት መዳቡን የሚያዝገው ነገር ነው።

ጀርባ ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥኔን ከመደርደሪያ አውርጄ ሰካሁ። ሥዕል መጣ! ማሪዮ ከነሙዚቃው። ሽጉጡንም ሞከርኩ፤ ዳክዬዎቹ ይወድቃሉ። ሽጉጡ የሚሠራው በአሮጌው ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬው ያለበት ቦታ ነጭ ካሬ ይሆናል፤ ሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ያለው ዓይን ያንን ብርሃን በሰዓቱ ማየት አለበት። ፍላት ስክሪን ሥዕሉን ትንሽ ስለሚያዘገየው ዓይኑ ጨለማ ብቻ ያያል። ለእትዬ ልጅ ይህን መንገር አለብኝ፤ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶላቸዋል።

ኪቦርዱ ግን አንድ ሙሉ ረድፍ አይሠራም። ከቁልፎቹ ስር ያለው መስመር የታተመበት ላስቲክ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል። ፕላስቲክ ላይ እርሳስ አይበየድም፤ ስለዚህ ከስንጥቁ ወዲያና ወዲህ ቀጭን የመዳብ ክር አጋድሜ በቴፕ ጨመቅሁት። ያዘ።

ጥር 23፣ ሐሙስ፣ ጊዮርጊስ

እንጅባራ ለፈረሱ በዓል ሄጄ መጣሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረሶች ውለታ የሚያስብበት ቀን ነው፤ ሜዳው በፈረስ ተሞልቶ ዋለ። ስለ በዓሉ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። አሁን መጻፍ የምፈልገው ከአዲስ ቅዳም ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁትን ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፣ በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ የተማሩ ናቸው። ሥራ እንዴት ነው ሲሉኝ የእትዬን ኪቦርድ አነሣሁላቸው።

«እኛ ዘንድም ነበረ እኮ!» አሉ። «ፕራቬትስ ይባላል። የአሜሪካኑን አፕል ቀድተው የሠሩት ነው። አንዱን ወንበር ለሦስት ሆነን ነበር የምንቀመጥ።»

«ፊደሉስ፣ ጋሼ? በእንግሊዝኛ ነበር የሚጽፉት?»

«በእንግሊዝኛም በቡልጋርኛም። የራሳቸውን ፊደል አስገብተውበታል። እኔም መጀመሪያ የገረመኝ እሱ ነው። የሰው ዕቃ ቀድተው፣ በራሳቸው ፊደል ያጽፉበታል። ያኔ አማርኛ በጽሕፈት መኪና እንጂ በኮምፒውተር ይጻፋል ብሎ ያሰበ ከመሃላችን አልነበረም።»

ማታ ቤት ገብቼ ስለዚህ ማሽን ያለውን አነበብኩ። ፕራቬትስ የያኔው የቡልጋሪያ መሪ የቶዶር ዚቭኮቭ የትውልድ መንደር ናት፤ ማሽኑ እዚያ ስለተሠራ ስሟን ያዘ። የመጀመሪያው ቅጂ ኢምኮ የሚባል ነበር፤ ፕራቬትስ 82 የተከተለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። አፕል 2 እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣ ሲሆን አንጎሉ 6502 የተባለው ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ ሌሎቹ ኩባንያዎች በመቶ ዶላሮች የሚሸጡትን እሱ በ25 ዶላር ተሸጠ፤ ኮምፒውተር ወደ ቤት የገባው በዚህ ዋጋ ነው። አሁን የሚገርመው ነገር ይህ ነው፦ የጃፓኑ ፋሚሊ ኮምፒውተር አንጎልም ያው 6502 ነው፣ ድምፅ የሚያወጣ ክፍል ተጨምሮለት። ስለዚህ የጋሼ ፕራቬትስና የእትዬ ኪቦርድ በአንድ አንጎል የሚያስቡ የአንድ ዘር ልጆች ናቸው።

ቡልጋሪያዎቹ ፊደላቸውን ያስገቡበት ዘዴ ቀላል ነው። ለላቲኑ ትንንሽ ፊደል የተመደበውን ቦታ ወስደው በሲሪሊክ ተኩት። ትንሹን ላቲን አጡ፤ ትልቁን ላቲንና የራሳቸውን ፊደል አገኙ። ለእነሱ ይበቃቸው ነበር።

የካቲት 3፣ እሑድ

ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ስለተዘጋ የእህቴ ልጅ ሱቅ ትውላለች። 10ኛ ክፍል ናት። ሥዕል የተለጠፈበትን ካሴት እንድትሞክረው ሰጠኋት። ውስጡ የታይፕ መለማመጃ፣ ሒሳብ፣ ሙዚቃ፣ እና ጂ ቤዚክ የሚባል አለ፤ ከፋሚሊ ቤዚክ የተቀዳ ነው። ጌሙን ትታ ወደዚያ ገባች።

በቤዚክ እያንዳንዱ ትእዛዝ ቁጥር አለው፤ 10፣ 20፣ 30 እየተባለ ይሄዳል። «ፕሪንት» ብለህ በጥቅስ ውስጥ የጻፍከውን ስክሪኑ ላይ ያወጣዋል። «ጎቱ 10» ካልከው ተመልሶ ከ10 ይጀምራል። በዚህ ብቻ ስሟን ከላይ እስከ ታች ሞላችው። ካሴቱ ውስጥ ማሪዮም ተቀምጧል፤ በጌሙ ውስጥ በጣት የሚነዳውን ማሪዮ እዚህ በጽሑፍ ታዘዋለህ። የቱ ሰው፣ ወደ የት፣ በምን ፍጥነት፣ ስንት እርምጃ፤ ቁጥሮቹን ጽፋ «ሙቭ» ስትለው ተነሥቶ ሄደ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሣች። በትምህርት ቤት አይሲቲ መጽሐፍ ላይ ስለ ፕሮግራም አንብባ ታውቃለች፤ የጻፈችው ነገር ሲታዘዝላት ያየችው ግን ዛሬ ነው። እኔም እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስልክ ይዞ ለሚመጣ ሰው «ነገ» እያልኩ አጠገቧ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ የጻፈችው ሁሉ አብሮ ሄደ። ማሽኑ ማስቀመጫ የለውም። የጃፓኑ እናቱ በቴፕ ካሴት ትቀዳ ነበር፤ ይህ ግን መሰኪያው የለውም።

የካቲት 4፣ ሰኞ

እትዬ ምን ያህል እንደደረስኩ ሊያዩ መጡ። ትናንት የሆነውን ስነግራቸው ወደ ቤት ሄደው አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ይዘው ተመለሱ፤ ልጃቸው የዚያን ጊዜ ሲጽፍ የነበረው ነው። በቢክ፣ በየገጹ፣ ቁጥር ያላቸው ትእዛዞች። አንዳንዱ መስመር ተሰርዞ በጎኑ ተጽፏል፤ አንድ ገጽ ጫፍ ላይ «መብራት ከመጥፋቱ በፊት ሠርቷል» የሚል አለ። የዚህ ማሽን ዲስክ ደብተር ነበር። ልጁ መብራት በመጣ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይተይብ ነበር ማለት ነው፤ እየተየበም መስመሩ ሁሉ በጭንቅላቱ ይቀራል።

የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዛ ከእሱ ላይ መተየብ ጀመረች።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ የእህቴ ልጅ ጠየቀችኝ። «አጎቴ፣ በአማርኛ አይጽፍም?»

አይጽፍም። ለምን እንደማይጽፍ ግን በትክክል ልነግራት ፈለግሁ፤ ምክንያቱም «አይችልም» ብዬ ባልፋት ውሸት ነው።

የዚህ ማሽን ስክሪን በካሬ የተከፋፈለ ነው፤ ወደ ጎን 32፣ ወደ ታች 30። እያንዳንዱ ካሬ በተራው 8 በ8 ነጥብ ነው። ማሽኑ ነጥብ በነጥብ አይሥልም፤ ካሴቱ ውስጥ የተዘጋጁ ካሬዎች አሉ፣ ከእነሱ እየመረጠ ይደረድራል። ደመናውም፣ ጡቡም፣ ፊደሉም እንዲሁ የተዘጋጀ ካሬ ነው። ለመደብ የሚሆኑት ካሬዎች 256 ናቸው፤ እንደ ማሪዮ ላሉ ተንቀሳቃሾች ሌላ 256 አለ። ስለዚህ ፊደሉ ያለው ኪቦርዱ ውስጥ አይደለም፣ ጥቁሩ ጠብታ ውስጥም አይደለም። ካሴቱ ውስጥ ነው። ካሴቱን የሠራው ሰው በ256ቱ ካሬ ውስጥ ምን እንደሚያስቀምጥ ራሱ ይወስናል።

ይህን ማሽን የሠሩት ቻይናዎች በካሴት የቻይንኛ መጻፊያ አውጥተውለታል። ወደ ሩሲያ የሄደው ሱቦር የሩሲያ ፊደል ያለው የመማሪያ ካሴት ነበረው። ያው ኪቦርድ፣ ያው ጠብታ። ወደ እኛ የመጣው የእንግሊዝኛውን ካሴት ይዞ ነው፤ ገዝተን ስናስመጣ ማንም የእኛን ይዞ እንዲመጣ አላዘዘም።

«የእኛ ፊደል ስንት ነው?» አልኳት።

«33 በ7።» ወረቀት ላይ አባዛችው። «231!»

ከ256 ያንሳል። ሁለታችንም ዝም ብለን ቁጥሩን አየነው።

የካቲት 10፣ እሑድ

ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገዛሁላት፤ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጀምሮ ስትሥል ዋለች። ደንቡን አብረን አወጣን። ከፊደል ፊደል እንዳይጣበቅ አንድ ዓምድ ባዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ስፋቱ 7 ነጥብ ነው። ሦስት እግር ያላቸው እነ ጠና ሐ እግራቸው ሦስት ዓምድ፣ ክፍተቱ ሁለት፣ በድምሩ አምስት ይወስዳል፤ ለቀኝ ምልክት ሁለት ዓምድ ይተርፋል። ጤ በዚያ ገባ። ሰ ወደ ሸ ሲሄድ ከላይ ሰረዝ ይጨምራል፤ ሰረዟ አንድ ረድፍ፣ ከስሯ ያለው ባዶ አንድ ረድፍ፣ ለፊደሉ ስድስት ረድፍ ብቻ ይቀራል። ሼ የመጣ ጊዜ ሰረዝ ከላይ፣ ቀለበት ከታች፣ ሁለት እግር በመሐል፤ ቀለበቷ ከሦስት በሦስት ካነሰች ቀለበት አትመስልም። ሠርታ አጥፍታ ሠርታ በመጨረሻ ያዘችላት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳድሱ ነው። ስ ከሰ የምትለየው ሁለት ነጥብ ብቻ ላይ ሆነ፤ ከሩቅ አይታይም።

እንዲህ ያለውን መከራ ከሷ በፊት ያየ ሰው አለ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ማውጣት ነበረባቸው፤ ፊደሉን አካሉንና ምልክቱን ለያይተው፣ በመምታት እንዲገጣጠም አደረጉት። በፍርድ ቤት በራፍ ማመልከቻ የሚጽፉት ሰዎች መኪና ያንን ዘዴ ወርሷል። እነ አያና ብሩ የቦታ ጥበት ነበረባቸው፣ መፍትሔ አገኙለት። እኛ ከእሳቸው የሰፋ ቦታ አለን።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

በግቢያችን ተከራይቶ የሚማር የ9ኛ ክፍል ልጅ አለ፤ አባቱ በየሳምንቱ መጨረሻ ከገጠር ስንቅ ይዘውለት ይመጣሉ። አንደኛ ደረጃን የተማረው በአዊኛ ነው። ዛሬ የሥዕል ደብተሩን አይቶ ገጽ እያገላበጠ አንድ ነገር ፈለገ።

«ጘ የታለ?» አለ።

ልጅቷ አታውቀውም ነበር። ልጁ እስክሪብቶ ተቀብሎ ከጘ እስከ ጞ ሰባቱን ጻፈላት። በአዊኛና በሌሎቹ የአገው ቋንቋዎች በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ የምትይዝ ናት። በአማርኛ ሆሄያት ገበታ ላይ ስለሌለች 33 በ7 ውስጥ አልገባችም፤ እኛ እዚህ አዊ ምድር ተቀምጠን የሠራነው የፊደል ገበታ ደግሞ እሷን ትቶ ቢያልቅ ልክ አይሆንም።

እንደገና አሰላን። 231 ሲደመር 7፣ 238። የ1 2 3 ቁጥሮች 10፣ ጠቅላላው 248። የቀረው 8 ካሬ ነው፤ አንዱ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አራት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ጥያቄ ምልክት፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት፣ አንድ ነጥብ። አለቀ። እነ ቋ፣ ጓ፣ ሟ ቦታ የላቸውም።

ልጁ «ሠን ወይም ሐን ብናወጣስ?» አለ፤ ድምፃቸው ከሰና ከሀ ጋር አንድ ነው በማለት። እኔ አልተስማማሁም። ንጉሥ በሰ ሲጻፍ ዓይኔ ይሰናከላል፤ ሆሄ ማውጣት ከተጀመረ ማቆሚያው የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከዚያ ይልቅ ቋን በሁለት ካሬ፣ ቀን ጽፎ በጎኑ ምልክት በማድረግ፣ እንደ ጽሕፈት መኪናው ማድረግ ይሻላል፤ ለምልክቷ አንድ ካሬ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። የመቀነስ ምልክቱን አንሥተን ሰጠናት። ለመቀነስ ሌላ መላ ይፈለጋል።

የካቲት 17፣ እሑድ

ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባበትን መንገድ ለልጆቹ እንድነግራቸው ስዘጋጅ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ጋሼ በፕራቬትስ ፊት ሲቀመጡ በነበሩበት በዚያው ዘመን፣ አሜሪካ ውስጥ ዶክተር አበራ ሞላና ፍሥሐ አጥላው በየፊናቸው ፊደልን በኮምፒውተር ለመጻፍ ይጥሩ ነበር። ዶክተር አበራ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ የአማርኛ ሶፍትዌሮች ያደረጉት በመሠረቱ የቡልጋሪያዎቹን ነው፤ የላቲኑን ቦታ ወስደው ፊደላችንን አስቀመጡበት። ችግሩ እዚያም 256 ነው። አንድ ፎንት ከዚያ በላይ ስለማይዝ ፊደላችን ተከፍሎ በየፎንቱ ተበተነ፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ደብዳቤው የላቲን ትርክምርክም ይሆናል። በየጽሕፈት ቤቱ ይህን ያላየ ሰው የለም።

ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ፊደላችንን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቀበል ይህ ጥበት ቀረ። እንዲገባ ከደከሙት መካከል ዳንኤል ያዕቆብ ይገኝበታል። ጘም ከነቤተሰቧ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ አላት፤ ልጁ ስልኩ ላይ አገኛትና እየደጋገመ ጻፋት።

አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ስልክ ላይ አንድ የእኛ ፊደል ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል 1። የእትዬ ማሽን ለፕሮግራም የሚሰጠው ወደ 2 ሺህ ባይት ገደማ ስለሆነ፣ በስልኩ አሠራር ቢሆን ከ660 ብዙ የማይበልጥ ፊደል ነው የሚይዘው። በራሳችን ገበታ ግን ከ256ቱ አንዱን ለመጥራት 1 ባይት ይበቃል፤ 2 ሺህ ፊደል ይሆናል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፍበታል ማለት ነው። በ1990ዎቹ በዚህ ቀበሌ አንድ ልጅ በ9 ቮልት አዳፕተርና በአሮጌ ቴሌቪዥን በአማርኛ፣ በአዊኛም፣ ጽፎ ፕሮግራም ማድረግ ይችል ነበር። የጎደለው አንድ ካሴት ነው። ይህ ነገር ሌሊቱን ሲቆጨኝ አደረ።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ሁዳዴ ገብቷል፤ ገበያው ቀዝቅዟል።

የእትዬ ልጅ ማሽኑ መነሣቱን ሰምቶ ደወለ። ሽጉጡ በአዲሱ ቴሌቪዥን እንደማይሠራ ነገርኩት፤ ያውቃል። ስለ ካሬዎቹ ስነግረው ግን ድምፁ ተለወጠ፤ በደብተሩ መጨረሻ ገጾች እሱም ሀ እና ለ በካሬ ሥሎ እንደነበር ነገረኝ። ሄጄ ፈለግሁ፤ አለ። ካሬው ካሴቱ ውስጥ እንደሚኖር ስላላወቀ እዚያ ላይ ትቶታል።

ዕቅዱን የሰጠኝ እሱ ነው። ካሴት ከማበጀታችን በፊት ሥዕሎቹን በላፕቶፕ ላይ፣ ማሽኑን በሚመስል ፕሮግራም ውስጥ ይሞክራቸዋል፤ ኢሙሌተር ይባላል። ፊደሉን የሚደረድረውን አጭር ፕሮግራም በ6502 ቋንቋ እሱ ይጽፋል። ከሠራ እኔ ጥቁር ጠብታ የሌለበት፣ እግር ያለው ቺፕ የተበየደበት አሮጌ ካሴት እፈልጋለሁ፤ የሥዕሉን ቺፕ ነቅዬ በሚጻፍበት ቺፕ እተካለሁ። አንዱ ካሬ 16 ባይት ስለሆነ 256ቱ ካሬ 4,096 ባይት ነው፤ በዛሬ ጊዜ ከአንድ ፎቶ እጅግ ያንሳል።

ከእኔ የጠየቀው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ከ0 እስከ 255 የቱ ፊደል የቱ ላይ እንደሚቀመጥ። ልጆቹ ማታ ተቀምጠው ቁጥር ሰጧቸው፤ ሀ 0 ላይ፣ ጘ ከገ ቀጥሎ፣ ቁጥሮቹ ከፐ በኋላ። የእህቴ ልጅ ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችለት። ስ እና ሰን እንዲያስተውል በጎኑ ጽፋለታለች። እኔ ደግሞ ነገ ከየቤቱ አሮጌ የጌም ካሴት መሰብሰብ እጀምራለሁ፤ ለሚያመጣልኝ ሰው የስልኩን ቻርጀር መሰኪያ በነፃ እጠርጋለሁ ብዬ ሱቁ በር ላይ ለጥፌያለሁ።